የመዘግየት ዕዳ፦ በኢንተርኔት ውድድር ጨዋታዎች ውስጥ የፍትሐዊነት ጥያቄ ታሪክ



ስለ ቪዲዮ ጨዋታ እንደምናገር ሲሰሙ ከሥራ ባልደረቦቼ አንዳንዶቹ ፈገግ ማለታቸውን አልደብቅም። የታሪክ መምህር ስለ ነገሥታት፣ ስለ ንግድ መንገዶች፣ ስለ መሬት ስሪት ቢናገር ያምርበታል። ይሁንና ዛሬ ይዤ የቀረብሁት ጥያቄ ከመሬት ስሪት ጥያቄ እምብዛም የራቀ አይደለም። ፈጽሞ ሊወገድ የማይችል ሸክም በብዙ ሰዎች መካከል ሲወድቅ ማን ምን ያህሉን ይሸከማል? አከፋፈሉንስ ማን ይወስናል? ሸክሙ መዘግየት ነው፤ ወጣቶቻችን «ላግ» እያሉ የሚያማርሩት። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልግለጽ።

በመጀመሪያ ስለ ነገሩ ምንነት ጥቂት ልበል። አንድ መልእክት ከተጫዋቹ መሣሪያ ተነሥቶ ጨዋታውን ወደሚያስተናግደው ሰርቨር ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ «ፒንግ» ይባላል፤ የሚለካውም በሚሊሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ሺህኛ ነው። ብርሃን በፋይበር ኬብል ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ ሰርቨሩ 1,000 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኝ ከሆነ፣ ኬብሉ እንደ ገመድ ቀጥ ቢል፣ በመንገድ ላይ ያሉት መሣሪያዎችም ምንም ባያዘገዩ እንኳ ደርሶ መልሱ ከ10 ሚሊሰከንድ ሊያንስ አይችልም። ይህን ወለል ገንዘብም ሆነ ብልሃት አያወርደውም። የተቀረው መዘግየት፣ ማለትም በሞደም፣ በተጨናነቀ መስመርና በጠመዝማዛ መንገድ የሚጨመረው፣ ሊቀነስ ይችላል፤ ዜሮ ግን አይሆንም።

መዘግየት ሁሉንም ጨዋታ እንደማይጎዳም መታወቅ አለበት። በ1844 የሳሙኤል ሞርስ የቴሌግራፍ መስመር በዋሽንግተንና በባልቲሞር መካከል በተከፈተበት በዚያው ዓመት የሁለቱ ከተሞች ሰዎች በሽቦው ቼዝ ተጫውተውበታል። ቼዝ ተራ የሚጠበቅበት ጨዋታ ነውና የመልእክቱ መዘግየት ማንንም አልበደለም። ገበጣም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ጎንደር፣ ሌላው ሐረር ሆነው ጠጠሮቹን በደብዳቤ ቢያዘዋውሩ ጨዋታው ይረዝማል እንጂ አይዛባም። ተራ በሌለበት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ በሚንቀሳቀስበት ጨዋታ ግን ቀድሞ ያየ ቀድሞ ይተኩሳል።

አትሌቲክስ የዚህን ችግር ታናሽ ወንድም ያውቀዋል። የአስጀማሪው ሽጉጥ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ሽጉጡ ከአንደኛው መም አጠገብ ቢተኮስ 10 ሜትር ርቆ የቆመው ሯጭ ድምፁን የሚሰማው 30 ሚሊሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው። እኛ በአሥር ሺህ ሜትር የምንታወቅ ሕዝብ ስለሆንን ይህ ብዙም አያስጨንቀን ይሆናል። ለመቶ ሜትር ሯጭ ግን ትልቅ ነገር ነው፤ ደንቡ ራሱ ከተኩሱ በኋላ 100 ሚሊሰከንድ ሳይሞላ የተነሣን ሯጭ ያለ አግባብ ቀድሞ እንደ ተነሣ ይቆጥረዋል። በታላላቅ ውድድሮች ከእያንዳንዱ ሯጭ መነሻ በስተኋላ ድምፅ ማጉያ የሚቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው። የድምፁን ምንጭ ለሁሉም እኩል ማቅረብ ተችሏል። ሰርቨርን ግን ለሁሉም እኩል ማቅረብ አይቻልም፤ ለአንዱ ሲቀርብ ከሌላው ይርቃል። የጨዋታ ሠሪዎች ታሪክ የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

በታኅሣሥ 1993 ኢድ ሶፍትዌር የተባለው የቴክሳስ ኩባንያ «ዱም» የተሰኘውን ጨዋታ አወጣ። እስከ አራት ሰዎች ኮምፒውተሮቻቸውን አገናኝተው መጫወት ይችሉ ነበር። አሠራሩ በጣም ቀላል፣ በራሱ መንገድም በጣም እኩል ነበር። ጨዋታው በሰከንድ 35 ጊዜ ይራመዳል፤ በእያንዳንዱ እርምጃ እያንዳንዱ ኮምፒውተር የሌሎቹ ሁሉ ትእዛዝ እስኪደርሰው ይጠብቃል፤ ሁሉም ሲሟላ ሁሉም አብረው አንድ እርምጃ ይሄዳሉ። የአንዱ መስመር ቢዘገይ የሁሉም ጨዋታ ይቆማል። የጥንቱ ሲራራ ነጋዴ እንደሚያውቀው፣ አብሮ የሚጓዝ ቅፍለት ፍጥነቱ የሚወሰነው በደካማው አጋሰስ ነው። በዚህ ሥርዓት ዕዳው የጋራ ነው፤ ማንም ከማንም አይቀድምም። በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአጭር ሽቦ፣ ይህ እጅግ መልካም ነበር። በስልክ መስመርና በሞደም ሲሆን ግን አንድ ደካማ መስመር ያለው ወዳጅ የሦስቱን ምሽት ያበላሻል።

ይህን የጋራ ዕዳ ሥርዓት በብልሃት ያሻሻሉት የዚያው የቴክሳስ ጎረቤቶቻቸው ነበሩ። በዳላስ ይገኝ የነበረው ኤንሴምብል ስቱዲዮስ በ1997 «ኤጅ ኦቭ ኢምፓየርስ»ን ሲያወጣ ዓላማው ስምንት ተጫዋቾች፣ እያንዳንዳቸው ብዙ ወታደሮችን እየመሩ፣ በሰከንድ 28.8 ኪሎቢት በሚያስተላልፍ ሞደም እንዲዋጉ ማድረግ ነበር። ከሠሪዎቹ ሁለቱ፣ ማርክ ቴራኖና ፖል ቤትነር፣ በ2001 በጨዋታ ሠሪዎች ጉባኤ ላይ ያቀረቡት ጽሑፍ ርእሱ ስለ 1500 ቀስተኞችና ስለዚያው ሞደም የሚናገር ሲሆን፣ እኔ በዚህ ዘርፍ ካነበብኋቸው ሁሉ በጣም ከምወዳቸው አንዱ ነው። የዚያን ሁሉ ወታደር ቦታና ሁኔታ በሞደም መላክ የማይታሰብ ስለነበር የተላከው ትእዛዙ ብቻ ነው፤ ስምንቱም ኮምፒውተሮች ያንኑ ጦርነት እያንዳንዳቸው ለየብቻ ያሰላሉ። አንድ ተጫዋች የሰጠው ትእዛዝ ወዲያው አይፈጸምም፤ ከሁለት ዙር በኋላ እንዲፈጸም ቀጠሮ ይያዝለታል፤ እስከዚያ ድረስ ለሁሉም ይደርሳል። የዙሩ ርዝመትም እንደ ተጫዋቾቹ መስመርና እንደ ኮምፒውተሮቻቸው አቅም ይረዝማል ወይም ያጥራል።

ከቴክኒኩ ይልቅ የሚመስጠኝ ስለ ሰው ያገኙት ነገር ነው። በሙከራቸው እንዳዩት፣ በእንዲህ ዓይነቱ የስልት ጨዋታ ውስጥ 250 ሚሊሰከንድ መዘግየትን ተጫዋቾች ልብ እንኳ አይሉትም፤ እስከ 500 ድረስም በምቾት ይጫወታሉ። የሚያስመርራቸው መለዋወጡ ነበር። አንዴ በ80 ሚሊሰከንድ፣ አንዴ በ500 ከሚመልስ ጨዋታ ይልቅ ዘወትር በ500 የሚመልሰውን ይመርጣሉ፤ እጃቸው ከጨዋታው ምት ጋር ይለማመዳልና። እንደ እኔ አስተያየት ይህ ግኝት ከጨዋታ ዓለም ውጭም ሊነበብ የሚገባው ነው። ፍትሐዊነት በተሳታፊው ዘንድ የሚሰማው በመጠን ብቻ ሳይሆን በሊታመንነትም ነው፤ ደንቡ ከባድም ቢሆን የማይለዋወጥ ከሆነ ሰው ራሱን ያስማማበታል።

ከዚህ በተቃራኒ የተጓዘው መንገድ የተከፈተው በሰኔ 1996፣ ኢድ ሶፍትዌር «ኩዌክ»ን ባወጣ ጊዜ ነው። በ«ኩዌክ» አንዱ ኮምፒውተር ሰርቨር፣ ማለትም ዳኛ ሆነ። የሁሉም ትእዛዝ ወደ እርሱ ይሄዳል፤ እርሱ ይፈርዳል፤ ፍርዱን ለሁሉም ይልካል። የዘገየው ሰው ከእንግዲህ ሌሎቹን አያስቆምም። ዕዳው የግል ሆነ፤ እያንዳንዱ የራሱን መዘግየት ራሱ ይከፍላል። የወደፊት ቁልፍ የተጫነ ተጫዋች ትእዛዙ ወደ ዳኛው ሄዶ እስኪመለስ ድረስ ስክሪኑ ላይ ምንም አይንቀሳቀስም ነበር። መስመሩ ፈጣን ለሆነ ይህ ኢምንት ነው፤ በሞደም ለሚገባው ግን በጭቃ ውስጥ እንደ መሮጥ ነው።

የኩባንያው ዋና ፕሮግራም ጸሐፊ ጆን ካርማክ ጨዋታው ከወጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በነሐሴ 1996፣ በይፋ ባሰራጨው የሥራ ማስታወሻ ላይ የተናገረው ለታሪክ ጸሐፊ ትልቅ ሰነድ ነው። ንድፉን ሲሠራ ከ200 ሚሊሰከንድ በታች የሆነ መስመርን አስቦ እንደነበር፣ አብዛኛው ሰው ግን በሞደም ከ300 በላይ እንደሚደርስበት፣ እርሱ ራሱ በቤቱ ፈጣን የዲጂታል መስመር ስለነበረው የሞደም ተጠቃሚን ኑሮ እንደማያውቀው ገልጿል። እዚህ ላይ ቆም ልበል። የአንድ ቴክኖሎጂ አድልዎ ከክፋት የመጣ አልነበረም፤ ሠሪው ከተቀመጠበት ወንበር የመጣ ነበር። ደንቡን የሚጽፈው ሰው ከዳኛው አጠገብ ተቀምጦ ነበርና ርቀት ምን እንደሚመስል አልታየውም። በቀሪው ንግግሬ ይህንን ነገር ደጋግመን እናገኘዋለን።

ካርማክ ያመጣው መፍትሔ በታኅሣሥ 1996 «ኩዌክወርልድ» በሚል ስም ወጣ። የተጫዋቹ ኮምፒውተር የዳኛውን ፍርድ ሳይጠብቅ የባለቤቱን እንቅስቃሴ ውጤት ይገምታል፤ ቁልፉ ሲጫን ወዲያው ይራመዳል፤ የዳኛው ቃል ሲደርስ ግምቱ ትክክል ካልነበረ ይታረማል። የመጨረሻው ሥልጣን የዳኛው እንደሆነ ይቀራል። ይህ «ግምት» ዛሬ በምታውቋቸው የተኩስ ጨዋታዎች ሁሉ ውስጥ አለ ማለት ይቻላል። ጭቃው ደረቀ። ነገር ግን መፍትሔው ግማሽ ነበር። ተጫዋቹ የራሱን እግር በአሁኑ ሰዓት ቢያይም ሌሎቹን የሚያየው ባለፈው ሰዓት ነው፤ ስለዚህ የሚሮጥን ባላጋራ ለመምታት፣ ወፍ አዳኝ እንደሚያደርገው፣ ካለበት ሳይሆን ወደሚደርስበት ቦታ ማነጣጠር ነበረበት። ምን ያህል እንደሚያስቀድም የሚወስነውም ፒንጉ ነው። በዚያ ዘመን ተጫዋቾች ፈጣን መስመር ላላቸው ሰዎች የስድብ ስም እስከ ማውጣት ደርሰው ነበር። የመደብ ልዩነት በእርግጥም ነበር፤ ከዩኒቨርሲቲ ወይም ከመሥሪያ ቤት መስመር የሚገባው ሰው ከቤቱ ስልክ የሚገባውን ያድነው ነበር።

አሁን ወደ ርእሴ እምብርት ደርሻለሁ። በ1998 ቫልቭ የተባለው የዋሽንግተን ግዛት ኩባንያ «ሃፍ ላይፍ»ን አወጣ፤ በእርሱ ላይ ተሠርቶ በ1999 በሙከራ መልክ የተጀመረው «ካውንተር ስትራይክ»ም በዓለም ላይ ተስፋፋ። የቫልቭ ባለሙያ ያን በርኒየር በ2001 በጨዋታ ሠሪዎች ጉባኤ ያቀረበው ጽሑፍ ለወፍ አዳኙ ችግር የተሰጠውን መልስ በዝርዝር ያብራራል። መልሱ «የላግ ማካካሻ» ይባላል። ሰርቨሩ የእያንዳንዱን ተጫዋች የቅርብ ጊዜ አቋቋም በማስታወሻው ይይዛል። የተኩስ ትእዛዝ ሲደርሰው ትእዛዙ በመንገድ የቆየበትን ጊዜ ያሰላል፤ እንቅስቃሴው እንዳይቆራረጥ ሲባል በተጫዋቹ ስክሪን ላይ ሆን ተብሎ የተጨመረውን፣ በተለምዶ 100 ሚሊሰከንድ የሆነውን መዘግየት ይደምርበታል። ከዚያ ዓለምን ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ሌሎቹን ተጫዋቾች ተኳሹ በተኮሰበት ቅጽበት ወዳያቸው ቦታ ይወስዳቸዋል። ጥይቱ መትቷል ወይስ አልመታም የሚለውን እዚያ ይፈርዳል። ፈርዶም ዓለምን ወደ አሁኑ ይመልሳል።

ከ2018 የዓለም ዋንጫ ወዲህ በቪዲዮ የታገዘ ዳኝነትን የለመደ የእግር ኳስ ተመልካች ይህ አያስደንቀው ይሆናል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። በእግር ኳስ ወደ ኋላ የሚመለሰው ፊልም አንድ ነው፤ የሆነውም ነገር አንድ ነው። በሰርቨሩ ፊት ግን ወደ ኋላ የሚመለሰው የአንደኛው ወገን ትናንት ነው። ሁለቱም ተጫዋቾች እውነት ይዘው ሲካሰሱ ሰርቨሩ የተኳሹን እውነት ይመርጣል።

ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ እንየው። አንድ ሰው በሜዳ ላይ እየሮጠ ከግድግዳ ጀርባ ይገባል። በሰከንድ 5 ሜትር ቢሮጥ በ200 ሚሊሰከንድ ውስጥ 1 ሜትር ይጓዛል። በርቀት ያለው ተኳሽ ይህን ሰው የሚያየው ገና ከግድግዳው ውጭ ሳለ ነው፤ ያነጣጥራል፣ ይተኩሳል፣ በስክሪኑ ላይ ይመታዋል። ሰርቨሩም ዓለምን መልሶ «መትቷል» ይላል። የሸሸው ሰው ግን በራሱ ስክሪን ላይ ከግድግዳው ጀርባ ከገባ ቆይቷል፤ ከለላ አግኝቻለሁ ብሎ ተንፍሷል። ሞቱ እዚያ ይደርሰዋል። ከግድግዳ ጀርባ ሞትሁ የሚለው የተጫዋቾች የዘወትር እሮሮ ከዚህ የመነጨ ነው።

በርኒየር ይህን ጉድለት አልሸሸገም፤ በጽሑፉ ውስጥ ራሱ አንሥቶ ተወያይቶበታል። ያነጣጠረበትን እየመታ ያልተመዘገበለት ሰው ቅሬታ፣ ከከለላ ጀርባ ከሚሞተው ሰው ቅሬታ ይበልጣል የሚል ነበር ሚዛኑ። በእኔ ዓይን የዚህ ውሳኔ ክብደት እስከ ዛሬ በሚገባ አልተነገረም። መዘግየቱ አልጠፋም፤ ከተኳሹ ትከሻ ተነሥቶ በተተኮሰበት ትከሻ ላይ ተጫነ። ከዚያ በፊት የራቀው ተጫዋች የራሱን ርቀት ራሱ ይከፍል ነበር፤ ከዚያ በኋላ የእርሱን ርቀት በከፊል ባላጋራው ይከፍልለታል። ለድሃ መስመር ባለቤት ይህ የነጻነት ያህል ነበር፤ ከሩቅ አገር ገብቶ መወዳደር ቻለ። ለቅርቡ ሰው ደግሞ በገዛ ቤቱ ያልፈረመበትን ዕዳ መክፈል ሆነ። ሁለቱም ወገን «ፍትሕ ተጓደለ» ሲል ሁለቱም ስለ እውነተኛ ነገር ነው የሚናገረው።

ዕዳው ወደ ሌላ መተላለፍ ሲችል ደግሞ የሚያጭበረብር አይጠፋም። «ላግ ስዊች» የሚባለው ማታለያ የራስን መስመር ለአፍታ ሆን ብሎ ማቋረጥ ነው። በሌሎች ስክሪን ላይ አታላዩ ይቆማል ወይም ይዘላል፤ እርሱ ግን በራሱ ዓለም እየተንቀሳቀሰ ይተኩሳል፤ መስመሩ ሲመለስ ለዘገየ ሰው የሚሰጠው ርኅራኄ ለእርሱ ይደርሰዋል። ርኅራኄው እንዲገደብ ያደረገውም በከፊል ይህ ነው። አንዳንድ ጨዋታዎች ፒንጉ ከተወሰነ መጠን ላለፈ ተጫዋች ማካካሻውን ይነፍጋሉ፤ ብዙ የሰርቨር ባለቤቶችም ከገደብ በላይ ያለውን ሰው ጨርሶ ያስወጣሉ። አታላዩን ለመያዝ የተጣለው መረብ የሚይዘው በአብዛኛው ሩቅ የተወለደውን ነው።

ስለ ድብድብ ጨዋታዎች ባጭሩ ልለፍ። በእነዚህ ጨዋታዎች ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ ይታደሳል፤ አንዱ ምስል 17 ሚሊሰከንድ እንኳ አይሞላም፤ የጨዋታው ጥበብም በእነዚህ ምስሎች ቁጥር ይለካል። ለረጅም ጊዜ የተሠራበት መንገድ የሁለቱንም ተጫዋቾች ትእዛዝ እኩል ማዘግየት ነበር። አሜሪካዊው ቶኒ ካነን፣ ታዋቂውን የኢቮ ውድድር ከመሠረቱት አንዱ፣ በ2006 ለኤክስቦክስ የወጣው «ስትሪት ፋይተር» በኢንተርኔት ሲጫወቱት ባሳየው መጓተት ተበሳጭቶ «ጂጂፒኦ» የተባለውን ሥርዓት ሠራ። በዚህ ሥርዓት እያንዳንዱ ኮምፒውተር ባላጋራው የያዘውን ቁልፍ እንደያዘ ይቀጥላል ብሎ ይገምታል፤ ግምቱ ሲሳሳት ጥቂት ምስሎችን ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ያሰላል። አብዛኞቹ የጃፓን ኩባንያዎች ይህን ለመቀበል ከአሥር ዓመት በላይ ወሰደባቸው። ምክንያቱ ያው የካርማክ ወንበር ይመስለኛል፤ ከተሞቿ በተቀራረቡ፣ ፋይበር በተዘረጋባት አገር ለተቀመጠ ሠሪ የቀድሞው መንገድ በቂ ነበር። በ2020 ወረርሽኙ መጥቶ ሁሉም በየቤቱ ሲዘጋ ነው ጥያቄው የሁሉም የሆነው።

ወረርሽኙ ሌላ፣ ለእኔ ከሁሉም ይበልጥ አስተማሪ የሆነ ክስተት አስከትሏል። በግንቦት 2022 የ«ሊግ ኦቭ ሌጀንድስ» ዓለም አቀፍ የወቅቱ አጋማሽ ውድድር በደቡብ ኮርያዋ ቡሳን ከተማ ተካሄደ። የቻይናው ተወካይ ሮያል ኔቨር ጊቭ አፕ በአገሩ በነበረው የወረርሽኝ ገደብ ምክንያት መጓዝ ስላልቻለ ከሻንጋይ ሆኖ እንዲወዳደር ተፈቀደለት። ከቡሳን እስከ ሻንጋይ በቀጥታ ከ800 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። አዘጋጁ ራዮት ጌምስ የወሰነው ያልተለመደ ነገር ነበር፤ በቡሳን አዳራሽ ከሰርቨሩ አጠገብ የተቀመጡት ቡድኖች ሁሉ መዘግየት እንዲጨመርባቸውና ሁሉም በ35 ሚሊሰከንድ ፒንግ እንዲጫወት አዘዘ። ስለ አንድ ቡድን ሲባል የሁሉም ሰው ሰዓት ዘገየ። የ«ዱም» የጋራ ዕዳ ከ28 ዓመት በኋላ፣ በዓለም መድረክ ላይ፣ በአዋጅ ተመለሰ ማለት ነው።

ከዚያ ግን ከአዳራሹ ቅሬታ ተሰማ። ስክሪኑ 35 ይላል፤ የተጫዋቾቹ እጅ ግን ከዚያ በላይ ነው ይላል። አዘጋጁ መርምሮ ተጫዋቾቹ ትክክል መሆናቸውን አረጋገጠ። መዘግየቱን የሚጨምረው መሣሪያ ስሕተት ነበረበት፤ በቡሳን ያለው እውነተኛ መዘግየት ከሚታየው ይበልጥ ነበር። በሻንጋይ ያለው ቡድን ያደረጋቸው ሦስት ጨዋታዎች እንደገና እንዲካሄዱ ተወሰነ። ቡድኑ ምንም ጥፋት አልነበረበትም፤ ሆኖም ያለፈውን ላቡን መልሶ ማላብ ግድ ሆነበት። በመጨረሻ ውድድሩን አሸንፏል፤ ስለዚህ ነገሩ በቶሎ ተረሳ። ቢሸነፍ ኖሮ እስከ ዛሬ የሚያከራክር ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከውጤቱ ይልቅ ማስረጃው ነው። እኩልነቱ የቆመው በቁጥር ላይ ነበር፤ ቁጥሩ ሐሰት ሲሆን ይህን ያወቀው ቁጥሩን የሠራው ወገን ሳይሆን ያደረበት ሰው እጅ ነው። ለዓመታት በዚህ ሙያ የኖሩ ተጫዋቾች የጥቂት አሥር ሚሊሰከንዶችን ልዩነት ለይተዋል፤ ተሰሚነት ስለነበራቸውም ምርመራ ተካሄደ። ያው ቅሬታ በአንድ ኢንተርኔት ቤት ከተቀመጠ ልጅ ቢመጣ «መስመርህን አስተካክል» ከመባል የሚያልፍ አይመስለኝም።

የቀረኝ ስለ ቦታ ነው። ያው ኩባንያ በነሐሴ 2015 የሰሜን አሜሪካ ሰርቨሮቹን ከምዕራብ ጠረፍ ወደ መሀል አገር፣ ወደ ቺካጎ አዛውሮ ነበር። የምሥራቁ ተጫዋቾች ለዓመታት የለመኑት ነበርና ፒንጋቸው ወረደ፤ በሎስ አንጀለስ የሚኖሩት፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሙያተኛ ተጫዋቾች፣ ከፍ አለባቸው። አንድ ሰርቨር ሲንቀሳቀስ የሚደሰትና የሚያዝን ሕዝብ አለ። ውሳኔው ትክክል ነበር እላለሁ፤ ልብ በሉ ግን፣ ለውሳኔው የበቁት በዚያው አገር ውስጥ የሚኖሩ፣ በቁጥር የበዙና ገበያ የሆኑ ሰዎች ናቸው።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ የአዲስ አበባ ልጆች ለረጅም ጊዜ የተወዳደሩት በፕሌይስቴሽን ቤት፣ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው፣ በአንድ ስክሪን ላይ ነው፤ በመካከላቸው የኔትወርክ መዘግየት የሚባል ነገር የለም። በኢንተርኔት ሲወዳደሩ ግን ሁኔታው ይለወጣል። አገራችን የባሕር በር የላትም፤ የውጭ ግንኙነቷ በዋናነት በጅቡቲ፣ በኬንያና በሱዳን በኩል ያልፋል። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ 5,300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ 53 ሚሊሰከንድ የተፈጥሮ ግብር ነው፤ ከእርሱ በታች መውረድ አይቻልም። ኬብሉ ደግሞ እንደ ወፍ አይበርም፤ ወደ ጅቡቲ ወርዶ፣ ቀይ ባሕርን ዘልቆ፣ ግብፅን አቋርጦ፣ ሜዲትራንያንን ተሻግሮ ነው የሚደርሰው፤ እውነተኛው ፒንግ ከወለሉ በብዙ ይርቃል። ማይክሮሶፍት በ2019፣ አማዞን በ2020 በደቡብ አፍሪካ የመረጃ ማዕከሎቻቸውን ከፍተዋል። ጆሃንስበርግ ከአዲስ አበባ 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በካርታ ላይ ከፍራንክፈርት ይቀርባል። ኬብሎች ግን ካርታን ሳይሆን ንግድን ተከትለው ነው የተዘረጉት፤ ከአንዱ የአፍሪካ አገር ወደ ሌላው የሚሄድ መልእክት በአውሮፓ ዞሮ መምጣቱ ለረጅም ዘመን የተለመደ ነበር።

ስለዚህ ከዚህ ከተማ ተነሥቶ በአውሮፓ ሰርቨር ላይ የሚወዳደር ወጣት የሚገጥመው ነገር በሙሉ ቀደም ብዬ ከተረክሁት ታሪክ የተወረሰ ነው። የጋራ ዕዳ ያለበት ጨዋታ ከሆነ «አንተ ነህ ያዘገየኸን» ተብሎ ይባረራል። የግል ዕዳ ያለበት ከሆነ ይሸነፋል። ማካካሻ ካለው ያሸንፍ ይሆናል፤ ከግድግዳ ጀርባ የገደለው የበርሊን ልጅ ግን ይሰድበዋል፤ የፒንግ ገደብ ሲጣልም በሩ ይዘጋበታል። ሁሉንም ሰው በአንድ አዳራሽ ሰብስቦ ማወዳደር ፍጹሙ መፍትሔ ነው የሚሉ አሉ፤ ትክክል ናቸው፤ በዚያን ጊዜ ግን የኬብሉ መዘግየት በኤምባሲ ደጃፍ የቪዛ መዘግየት ይተካል።

የቡሳኑ ውሳኔ፣ ማለትም ቅርብ ያሉትን ወደ ሩቁ ሰው ሰዓት ማምጣት፣ በቴክኒክ ረገድ የሚቻል መሆኑ ታይቷል፤ መሣሪያው ከታረመ በኋላ ውድድሩ እስከ ፍጻሜው በዚያው ሥርዓት ተካሂዷል። ሚሊዮኖች በየዕለቱ በሚገቡባቸው ሰርቨሮች ላይ ግን እንዲህ ያለ ማስተካከያ የተለመደ አይደለም፤ ለዚህም ኩባንያዎቹ ከሚያቀርቡት ምክንያት አንዱ ቅርብ ያለው ተጫዋች አይቀበለውም የሚል ይሆናል። ቴራኖና ቤትነር ግን ከሃያ ዓመት በፊት ባቀረቡት ጽሑፍ ላይ ሰው ቋሚ መዘግየትን እንደሚለምድ አሳይተው ነበር። የስልት ጨዋታ ተጫዋች የተቀበለውን የተኩስ ተጫዋች ይቀበለው እንደሆነ በላቦራቶሪ ሊፈተን የሚችል ጥያቄ ነው፤ ከኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ክፍል የመጣችሁ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ስታፈላልጉ ብታስቡበት ደስ ይለኛል።

የተሰጠኝ ሰዓት አልቋል። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።